ነጠብጣቡ የማን ነው? የሜልበርን ምዕራብ ሰፈሮች፣ የአቦሪጂናል ቅርስና የሕንፃ ንድፍ

ተማሪዋ ከሴንት አልባንስ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ። አርክቴክቸር ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ እዚሁ ሜልበርን። የዘንድሮ ፕሮጀክታችን ዲር ፓርክ አካባቢ፣ ኮሮሮይት ወንዝ ዳር፣ ትንሽ ቤተ መጻሕፍትና የሰፈር አዳራሽ መንደፍ ነው። መነሻው የአካባቢው የአቦሪጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ) ቅርስ ይሁን ተባልን። ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ሳልጠግብ ሠራሁ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በነጠብጣብ ሥዕል ሞላሁት፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሁላችንም አውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ውስጥ የምናየው ዓይነት።

መምህሬ ቆማ አየችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ይሄ ነጠብጣብ የማን ነው?»

መልስ አጣሁ። ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የገባኝ። ያ በዓለም የታወቀው የነጠብጣብ ሥዕል በ1971 ፓፑንያ በምትባል የመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ መንደር የተጀመረ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከእኛ ሰፈር ወደ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሕዝቡ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ታሪኩ ሌላ። የማሳይን ቀይ ኩታ የጎንደር ቤት ላይ ሰቅዬ «የአገሩ ባህል ነው» እንደማለት ሆነብኝ። በጣም ነው ያፈርኩት።

አሁን እንደገና መጀመር አለብኝ። እዚህ የምትኖሩ፣ በተለይ ግንባታና ፕላን ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ከየት ልጀምር? ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን ንገሩኝ።

ካሳንቺስ77

እህቴ፣ በርቺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በክፉ አትውሰጂው። ሰፈሩ ዛሬ ሐበሻው፣ ቬትናሜው፣ ሕንዱ፣ ሱዳኑ የሚኖርበት ነው። ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው። ለምን የነሱ ታሪክ መነሻ አይሆንም? ፉትስክሬይ ስንደርስ የቡና ሽታ የሚቀበለን በእኛ ሰው ድካም ነው። እኛም ይሄን ቦታ ቦታ አድርገነዋል። ሁልጊዜ ስለ ጥንቱ ብቻ ሲወራ እኛ እንደሌለን ይሰማኛል። ከልቤ ነው የምለው።

እናት ታርኔት

ካሳንቺስ ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። እኔም ስምንት ዓመት ታርኔት ስኖር ስሙ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ነው ያስተማረችኝ። «ታርኔት» በዋዳዉሩንግ ቋንቋ «ነጭ» ማለት ነው ይላሉ። «ዌሪቢ» ደግሞ «አከርካሪ» ነው፣ የጀርባ አጥንት። በየቀኑ የምንጠራው ስም የሰዎቹ ቋንቋ ነው፤ እኛ ግን አድራሻ ብቻ ይመስለናል።

ከሁሉም ያስለቀሰኝ ትሩጋኒና ነው። ስንቱ ሐበሻ ቤት የሠራበት ሰፈር ነው። ስሙ የሴት ስም ነው። ትሩጋኒኒ የታዝማኒያ ሴት ነበረች፣ በ1876 ሞተች። ስትሞት አካሌን አትንኩብኝ ብላ ለምና ነበር። አፅሟን ቆፍረው አወጡት፣ ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ አሳዩት። አመዷ ባሕር ላይ የተበተነው በ1976 ነው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ። እኛ ሰው ሲሞት ለቀብር ምን ያህል እንደምንጨነቅ ታውቃላችሁ፤ ዕድር የምናቆመው ለዚህ አይደል። እና ያ ስም የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተጽፎ ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አቅቶኛል።

ስለዚህ እህቴ፣ ከስም ጀምሪ። የሰፈሩን ስሞች ሰብስቢና ምን እንደሚሉሽ ስሚ።

ሙዚየም ወዳድ

በመጀመሪያ፣ የነጠብጣቡን ነገር ስላስተካከልሽ ደስ ብሎኛል። የኛ አካባቢ ሥዕል መስመር ነው። የወይ ዉሩንግ፣ የቡን ዉሩንግና የዋዳዉሩንግ ሰዎች (የኩሊን ሕዝቦች ከሚባሉት አምስቱ ውስጥ ናቸው) ጋሻቸውን ሲቀርጹ ቀጭን ትይዩ መስመሮች፣ እንደ አልማዝ የተያያዙ ቅርጾች፣ የዓሣ አጥንት የሚመስሉ ዝግዛጎች ይቀርጹበት ነበር። ቀለም ቅቡ ላይ ሳይሆን ጭረቱ ላይ ነው ጥበቡ።

ሁለተኛ፣ ሜልበርን ሙዚየም ሂጂና የፖሰም (ዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ ፀጉራም እንስሳ ነው) ቆዳ ካባዎቹን ጠይቂ። ከድሮዎቹ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለቱ እዚያ አሉ፤ አንዱ ከኢቹካ አካባቢ በ1853 የተሰበሰበ፣ ሌላው ከሌክ ኮንዳ በ1872። ካባው የተሠራው ብዙ ትናንሽ ቆዳ በጅማት ተሰፍቶ ነው። ከውስጥ በኩል መስመር ተቀርጾበታል። እኔን የገረመኝ ግን ይሄ ነው፤ ልጅ ሲወለድ ትንሽ ካባ ይሰፋለታል፣ ልጁ ባደገ ቁጥር ሌላ ቆዳ ይጨመርበታል። ካባው ከሰውየው ጋር ያድጋል። ሲሞትም አብሮት ይቀበራል።

አርክቴክት ብሆን እኔ የምወስደው ቅርጹን ሳይሆን ይሄን ሐሳብ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬ ትንሽ ቢሆን፣ ሰፈሩ ሲያድግ ሳይፈርስ የሚጨመርበት ቢሆን።

ጋሽ ግንበኛ

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ድንጋይ ጠራቢ ነበርኩ። አዲስ አበባ ጥቁር ድንጋይ ስጠርብ ነው ያደግኩት፣ መሮና መዶሻ ይዤ። እዚህ መጥቼ ሜልተን በኩል መሠረት ቁፋሮ ላይ ሥራ ስጀምር ከመሬቱ የወጣውን ድንጋይ አይቼ እንባዬ መጣ። ያው ድንጋይ ነው። ባዛልት። እዚህ ብሉስቶን ይሉታል። ከሜልበርን ምዕራብ ያለው ሜዳ በሙሉ የእሳተ ገሞራ ሜዳ ነው፣ አንድ ክንድ ሳትቆፍር ድንጋይ ያገኝሃል። የአገሬ መሬት መሰለኝ።

ስለዚህ ለእህታችን የምለው፣ ግድግዳው የሰፈሩ ድንጋይ ይሁን። ግን ደግሞ ልብ በይ። ነጮቹ ከመጡ በኋላ ይሄው ድንጋይ የእስር ቤት ግድግዳ ሆኗል። ኮበርግ ያለውን የፔንትሪጅን አጥር አይተሽ ይሆናል፤ እስረኞች ናቸው የጠረቡት። ስለዚህ ድንጋዩን ጠርበሽ፣ አራት ማዕዘን አድርገሽ፣ ረጅም አጥር ካቆምሽው የእስር ቤት ትዝታ ነው የሚሆነው። እንደተፈጠረ አድርጊው። ዝቅ ያለ ካብ ይሁን፣ ሰው የሚቀመጥበት።

ስለ ካብ ካነሳሁ፣ ከዚህ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ምዕራብ ቡጅ ቢም የሚባል ቦታ አለ። የጉንዲጅማራ ሕዝብ አገር ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ ባዛልት ክበው የውኃ ቦይ ሠርተዋል፣ ኢል የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ የሚያረቡበት። 6,600 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። የድንጋይ ቤትም ነበራቸው። ዩኔስኮ በ2019 መዝግቦታል። ኮንሶን በዓይኑ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። «እነዚህ ሰዎች አይገነቡም ነበር» የሚል ሰው ስሰማ ያን ካብ አስታውሳለሁ፣ ያናድደኛል።

ተማሪዋ ከሴንት አልባንስ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። «እንደተፈጠረ አድርጊው» ያሉትን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ቡጅ ቢም ግን የጉንዲጅማራ ነው፣ ኮሮሮይት አይደለም። የቦዩን ቅርጽ ብወስድ ያው የነጠብጣቡን ስህተት እደግመዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ልክ ነኝ?

ጋሽ ግንበኛ

ልክ ነሽ ልጄ። እኔ ያመጣሁት ለክብር ነው እንጂ ለቅጂ አይደለም።

ፕላነሩ

እኔ በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ ቅርስን የጌጥ ጉዳይ አድርጎ ነው የሚመጣው። ቪክቶሪያ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ የአቦሪጂናል ቅርስ ሕግ አለ። መሬቱ ከወንዝ ወይም ከጅረት በ200 ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ ቀድሞ በቁፋሮ ክፉኛ ካልተነካ በስተቀር፣ ቅርስ ሊኖርበት የሚችል ቦታ ተብሎ ይያዛል። እዚያ ላይ ትልቅ ግንባታ የሚያካሂድ ሰው የቅርስ አያያዝ ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት። ያንን ዕቅድ የሚገመግመው በሕግ የተመዘገበው የአካባቢው የአቦሪጂናል ድርጅት ነው፣ ካለ። ለአንድ ተራ መኖሪያ ቤት አይጠየቅም። ለሕዝብ ሕንፃ ግን ወንዝ ዳር ላይ አይቀርም። አንቺ ወንዝ ዳር ነሽ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትስይው ግድግዳውን መሆን የለበትም። መሬቱ ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል? መሠረቱ የት ላይ ባይቆፈር ይሻላል? ሕንፃው በቀጭን ምሰሶ ከመሬት ከፍ ቢልስ? እነዚህ የንድፍ ጥያቄዎች ናቸው፣ ከሕጉ የሚወለዱ።

ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ እንዲገባሽ ኬይለርን ተመልከቺ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አፍንጫ ሥር ነው። በ1940 አሸዋ የሚያወጣ ሠራተኛ የሰው የራስ ቅል አገኘ፣ ድራይ ክሪክ ከማሪቢርኖንግ ወንዝ ጋር የሚገናኝበት አጠገብ። ዕድሜው ከ12 ሺህ ዓመት በላይ ነው። እዚያው አካባቢ የተገኙት ሌሎች ምልክቶች ሰው ከ30 ሺህ ዓመት በፊትም እንደኖረ ያሳያሉ። ቱላማሪን ስናርፍ ከበላዩ ነው የምንበረው። ቱላማሪን ራሱ የሰው ስም ነው፤ ቱላማሪና የሚባል የዉሩንጄሪ (የወይ ዉሩንግ ወገን) ሰው ነበር፣ በ1838 ከሜልበርን የመጀመሪያው እስር ቤት ቤቱን አቃጥሎ ያመለጠ።

ካሳንቺስ77

ይሄን አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ እዚያ ሰው ልቀበል ሄጃለሁ።

ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። የእነሱ ታሪክ ትልቅ ነው፣ አምናለሁ። የእኛስ?

ኪነት ከሲድኒ

ከሲድኒ ልግባ። እዚህ ምዕራብ ሲድኒ ፓራማታ ላይ ነው የምሠራው፣ የዳሩግ ሕዝብ አገር። ፓራማታ ማለት ኢል የሚተኛበት ቦታ ማለት ነው ይላሉ። የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት አርክቴክት ቢሮ በ2020 ረቂቁን፣ በ2023 ደግሞ ሙሉውን መመሪያ አወጣ፤ የሕዝብ ሕንፃ ንድፍ «ከካንትሪ ጋር» ይጀምር የሚል። ይሄን ቃል ለፈረንጅ ባልደረቦቼ ለማስረዳት ሰዎች ሲቸገሩ አያለሁ። «ካንትሪ» ሲሉ መንግሥት ማለታቸው አይደለም። መሬቱ፣ ውኃው፣ ሰማዩ፣ እንስሳው፣ ዘመዱ፣ ቋንቋው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው።

ለእኛ ግን ቀላል ነው። አገር እንላለን። «የማን አገር ልጅ ነህ?» ስንል ፓስፖርት አንጠይቅም። «አገሬ ገባሁ» የሚል ሰው መንደሩን፣ ወንዙን፣ የአያቱን መቃብር ነው የሚለው። «አገሬው» ስንል ቦታውን የሚያውቀውን ሰው ነው። ለካሳንቺስም መልሴ ይሄ ነው። አገር ምን እንደሆነ እኛ በደንብ ስለምናውቅ፣ የሰው አገር ስንገባ አገሬውን መጠየቅ ይገባናል። የእኛ ታሪክ እዚያ ላይ ይጨመራል። አይሰረዝም።

እናት ታርኔት

ኪነት እንዴት ጥሩ አድርገሽ ገለጽሽው። እኔ ደግሞ ሽማግሌዎቻቸውን «አንክል» «አንቲ» ሲሏቸው ስሰማ ጋሼና እትዬ ነው ትዝ የሚለኝ። ዝምድና ባይኖርም ክብሩ አለ። ጭስ የሚያጨሱበትን ሥነ ሥርዓትም አይቻለሁ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ። እናቴ ብታየው ዕጣን ነው የምትለው።

የወንዙ ሯጭ

እኔ ማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር በየቀኑ እሮጣለሁ። ማሪቢርኖንግ የሚለው ስም ትርጉሙ «የፖሰም ድምፅ ይሰማኛል» የሚል እንደሆነ ይነገራል። እስቲ አስቡት፣ የቦታ ስም የሆነው የሚሰማ ነገር ነው። እኛ የምንሮጥበት መንገድ ላይ የሚሰማው ግን መኪና ብቻ ነው።

ተማሪዋ፣ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ወንዝ ዳር ያሉትን የቆዩ ቀይ ባሕር ዛፎች ተመልከቺ። አንዳንዶቹ ግንዳቸው ላይ ረጅም ሞላላ ጠባሳ አለ። ያ ጠባሳ ቅርፊቱ ለታንኳ ወይም ለዕቃ ተልጦ የተወሰደበት ነው። ዛፉ ግን አልሞተም። ከጠባሳው ጋር ቀጥሎ አድጓል። መሀል ከተማም አለ፤ ኤምሲጂ ስታዲየም አጠገብ ያራ ፓርክ ውስጥ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዛፉን ሳይገድሉ የሚፈልጉትን መውሰድ። ለሕንፃ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

እና እባክሽ፣ ቦታሽ ላይ ያረጀ ዛፍ ካለ ሕንፃውን ዙሪያውን አዙሪው። አንድ የግንባታ ቦታ ላይ ሥራ ተቀጥሬ ነበር፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ትልቅ ዛፍ ከቆረጡ በኋላ በፋንታው ግድግዳ ላይ የዛፍ ሥዕል ሳሉ። እስከዛሬ ያበሳጨኛል።

ሙዚየም ወዳድ

ሥዕል ካነሳን፣ የባራክ ሕንፃን ማንሳት አለብን። ስዋንስተን ጎዳና ጫፍ ላይ በ2015 ያለቀው ፎቅ። ኤአርኤም የሚባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ነው የነደፈው። የበረንዳዎቹ ነጭ ሽፋን ከሩቅ ሲታይ የሰው ፊት ይሆናል፣ የዊልያም ባራክ ፊት። ባራክ የዉሩንጄሪ መሪ ነበር፣ በ1903 ነው የሞተው። ሕዝቡ ኮራንደርክ ከሚባለው ሰፈራ እንዳይነቀል ሲታገል ኖረ፣ አቤቱታ ይዞ ወደ ሜልበርን ወደ 60 ኪሎ ሜትር በእግሩ መጥቷል። ኮራንደርክ በመጨረሻ በ1924 ተዘጋ።

እኔ ሕንፃውን መጀመሪያ ሳየው ተደሰትኩ። በመሀል ከተማ እንዲህ ያለ ፊት! አሁን ግን ሁለት ልብ ነኝ። ውስጡ የሚሸጥ አፓርታማ ነው። መሬቱን የተነጠቀ ሰው ፊቱ የመሬት ሽያጭ ላይ ተለጠፈ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እና ልመልስላቸው አልችልም።

ካሳንቺስ77

እዚህ ላይ እኔ ከሕንፃው ጎን ነኝ። ልጆቼ በሱ ምክንያት ነው የባራክን ስም ያወቁት። ምንም ከሌለ ይሻል ነበር? ሰው ፊቱን አይቶ ይጠይቃል። ጠይቆ ያነባል።

ፕላነሩ

ካሳንቺስ፣ ማስታወሱ ጥሩ ነው። ግን ከቅርብ ስትቆም ፊቱ ይጠፋል፣ የሚታይህ በረንዳ ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ነው የተሠራው። ለተማሪዋ የምለው፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ቀላል ነው፤ ከቅርብ ገብቶ ለሚቀመጠው ሰው ምን ትሰጪዋለሽ ነው ከባዱ። የሜልበርን የባቡር ዋሻ (ሜትሮ) አዳዲስ ጣቢያዎች ላይ ማሪ ክላርክ የምትባለው አርቲስት የአካባቢውን እንስሳት ዱካ ወለሉ ላይ አስቀምጣለች። ቀና ብለህ የምታየው አይደለም፣ ረግጠህ የምታልፈው ነው። ሥራው ደግሞ የቡን ዉሩንግ ዝርያ ካላት ሰው የመጣ ነው፣ ስሟም ተጽፎ፣ ተከፍሏት። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

እናት ታርኔት

ልጨምር፣ ከባድ ቢሆንም። እኛ ከምንኖርበት ብዙም ሳይርቅ ማውንት ኮትሬል የሚባል ኮረብታ አለ። በ1836 እዚያ ቢያንስ 10 የዋዳዉሩንግ ሰዎች ተገድለዋል፣ አንድ በግ አርቢና እረኛው ስለተገደሉ በበቀል። ሜልበርን ከተቆረቆረች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። ቅርስ ስንል ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ ከመረጥን ልክ አይመስለኝም። ይሄ በንድፍ እንዴት እንደሚገባ አላውቅም፣ ምናልባት መግባትም የለበትም። ግን ማወቅሽን እፈልጋለሁ።

ኪነት ከሲድኒ

እናት ታርኔት፣ እኔ የሚመስለኝ ያንን የሚወስኑት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኛ መታሰቢያ እናቁም ብለን ብንነሳ ደግሞ ሌላ መዳፈር ነው። ጠይቆ፣ «አይ፣ ይሄን ተዉት» ካሉ መተው።

ተማሪዋ ከሴንት አልባንስ

አሥር ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የጻፋችሁትን ሁሉ አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። አሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለአካባቢው ድርጅት ደብዳቤ ልጽፍ ነበር። መምህሬ አስቆመችኝ። ክፍላችን ውስጥ ሃያ ተማሪ አለ፣ ሃያ ደብዳቤ ቢደርሳቸው ማን ይመልሳል? በየዓመቱ ሽማግሌዎቻቸው በነጻ አስረዱን እየተባሉ ደክሟቸዋል። ስለዚህ ትምህርት ክፍሉ ከፍሎ አንዲት አንቲ መጥታ ለሁላችንም አንድ ላይ ቦታው ላይ እያዞረች አሳየችን። ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ አላስፈቀድኳትም። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። ስለ ሕንፃ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስለ ሣር ነው የነገረችን። ያ ሜዳ ሙርኖንግ የሚባል ቢጫ አበባ ያለው ተክል ሞልቶበት ነበር፤ ሥሩ ይበላል፣ ሴቶች ናቸው በመቆፈሪያ እንጨት የሚያወጡት። ከ1835 በኋላ በጎቹ መጡና በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሥሩ ነቅለው ጨረሱት። ዛሬ የዚያ የሣር ሜዳ የቀረው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም።

ከዚያ ስለ ወቅት ነገረችን። የዉሩንጄሪ ዓመት አራት ወቅት ብቻ አይደለም፣ ሰባት ነው። መጋቢት ላይ የኢል ወቅት አለ፣ ኢዩክ ይሉታል፤ ኢሎቹ በወንዙ ወርደው ወደ ባሕር ይሄዳሉ፣ እስከ ኮራል ባሕር ድረስ፣ እዚያ እንቁላል ጥለው ይሞታሉ። ከዚያ ረጅሙ የዎምባት (ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር እንስሳ ነው) ወቅት፣ ብርዱ። ነሐሴ የኦርኪድ። ከዚያ እንቁራሪት የሚፈለፈልበት። ኅዳር ሣሩ የሚያብብበት። ታኅሣሥ ካንጋሮ አፕል የሚባለው ተክል ወቅት። ጥርና የካቲት ደረቁ ወቅት፣ ቢደራፕ። (ወራቱ በፈረንጅ ናቸው።) አሥራ ሦስት ወር ቆጥረን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ዓመት በሌላ መንገድ ሊከፈል መቻሉ አላስደነቀኝም። ያስደነቀኝ እዚህ አገር አራት ወቅት የሚል ከአውሮፓ የመጣ ካላንደር ይዘን መሥኮት መንደፋችን ነው።

ስለዚህ አሁን ያለው ንድፍ እንዲህ ነው። ሕንፃው ወደ ኋላ ሸሽቶ ወንዙን ለቆለታል። መሠረቱ ጥልቅ አይደለም፣ ብዙው ክፍል በምሰሶ ከፍ ብሏል፣ ፕላነሩ እንዳለው። ከፊት ያለው መሬት ሣር ነው፣ ሙርኖንግ የሚተከልበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከሚይዘው ቦታ ይበልጣል። ጋሽ ግንበኛ ያሉት ዝቅ ያለ የባዛልት ካብ አለ፣ ሰው የሚቀመጥበት። መግቢያው ቀጥታ አይደለም። አንቲ «ዎሚንጄካ» የሚለውን ቃል አስረዳችን፤ እንኳን ደህና መጣህ ነው፣ ግን ውስጡ «ዓላማ ይዘህ ና» የሚልም አለው። ድሮ እንግዳ ዘው ብሎ አይገባም ነበር፣ ዳር ላይ ቆሞ እስኪጠራ ይጠብቃል። ወዲያው ትዝ ያለኝ የአያቴ ግቢ ነው። በሩ ክፍት እንኳ ቢሆን ሰው «ቤቶች!» ብሎ ይቆማል። እና በሩ ፊት ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳ የሌለው የመቆሚያ ቦታ አደረግኩ። ሰው ቆሞ ወንዙን አይቶ የሚገባበት።

ካሳንቺስ፣ ያ ቦታ የአንተም መልስ ነው ብዬ አስባለሁ። ቡና ሊፈላበት ይችላል። ምድጃና ውኃ አድርጌበታለሁ።

ግድግዳው ላይ ምንም ሥዕል የለም። ባዶ የተተወ አንድ ረጅም የእንጨት ግድግዳ አለ። ጽሑፉ ላይ «ይህን የሚወስነው የአካባቢው አርቲስት ነው፣ ለሥራው በጀት ተይዟል» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ካሳንቺስ77

እህቴ፣ ምድጃውን ሳነብ ዝም አልኩ። አመሰግናለሁ። አሁንም ሐበሻው በራሱ ስም አንድ ሕንፃ ቢኖረው እላለሁ፣ ይሄን አልተውም። ግን ያንቺ ቤት ቢሠራ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ።

ሙዚየም ወዳድ

የካባው ሐሳብስ? ተውሽው?

ተማሪዋ ከሴንት አልባንስ

አልተውኩትም። ጣሪያው በክፍል በክፍል ነው የተሠራው፣ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይቆማል። ሰፈሩ ሲያድግ በምሥራቅ በኩል ሌላ ክፍል ይሰፋበታል። ግን ካባ አልመሰለም፣ እንዲመስልም አላደረግኩም።

ፕላነሩ

ጥሩ ነው። አንድ ጥያቄ፤ የምዕራቡ መስኮት ምን ያያል? ሊትል ሪቨር አጠገብ ዉርዲ ዮዋንግ የሚባል የድንጋይ ክበብ አለ፣ ወደ 100 የባዛልት ድንጋይ፣ እንደ እንቁላል የተዘረጋ፣ 50 ሜትር ያህል ስፋት። ድንጋዮቹ ፀሐይ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን የምትጠልቅበትን አቅጣጫ ያሳያሉ የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሳይፈቀድ የሚገባበት ቦታ አይደለም፣ ክበቡንም እንዳትገለብጪ። ግን ያ ሜዳ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ምንም አይጋርዳትም። የመኪና ማቆሚያ እንዳታስቀምጪበት።

ተማሪዋ ከሴንት አልባንስ

ኧረ አስቀምጬበት ነበር። ዛሬ ማታ አነሳዋለሁ።

ጋሽ ግንበኛ

ልጄ፣ ካቡን በኮምፒውተር ስለሽው ይሆናል። ድንጋዩ ግን ሲነሳ ክብደቱ፣ ሲቀመጥ የሚፈልገው ፊት አለው። በእጅሽ ሳትነኪው አትጨርሺው። ጓሮዬ ውስጥ ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ ብዙ ባዛልት አለኝ። ቅዳሜ መኪና አለኝ፣ መጥተሽ አንድ ሜትር ያህል አብረን እንካብ።

ተማሪዋ ከሴንት አልባንስ

እመጣለሁ ጋሼ። በሐበሻ ሦስት ሰዓት ላይ ሰንሻይን ባቡር ጣቢያ በሩ ጋ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ሁለት የክፍል ጓደኞቼም መምጣት ይፈልጋሉ፣ ይቻላል?

ጋሽ ግንበኛ

ይቻላል። ወፍራም ጫማና ጓንት ያድርጉ።